ስለ ናፍታ ፖምፓ እርጅናና ስለ ባለንብረቱ ጽኑ እምነት

በናፍታ ሞተር ላይ ከተገጠሙት ዕቃዎች መካከል ባለንብረቱ ከሁሉም ዘግይቶ የሚያውቀው፣ ባወቀውም ዕለት በአብዛኛው መንገድ ዳር ቆሞ የሚያውቀው፣ የናፍታ ፖምፓ የሚባለው ነው። ይህ ዕቃ ናፍታውን ተቀብሎ፣ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የሚገባውን ልክ ቆርሶ፣ በከፍተኛ ግፊት ወደ ኖዝሉ፣ ማለትም ነዳጁን አድቅቆ ወደ ሞተሩ ውስጥ ወደሚረጨው አፍንጫ፣ የሚልክ ሲሆን፣ የናፍታ ሞተር እንደ ቤንዚኑ በካንዴላ ብልጭታ ሳይሆን በታመቀ አየር ግለት ስለሚቀጣጠል፣ ነዳጁ መቼና ምን ያህል እንደሚገባ የመወሰን ሥልጣን በፖምፓው እጅ ነው። ይህን ያህል ሥልጣን ያለው ሹም በሌላ ቦታ ቢገኝ ደጅ የሚጠናው ባልታጣ ነበር፤ ፖምፓው ግን የመቀመጫ ልብስ በየዓመቱ በሚቀየርበት፣ መስታወቱ በጥቅስ ዳሽቦርዱ በምንጣፍ በሚያጌጥበት መኪና ውስጥ፣ ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ማንም ሳይጎበኘው ይኖራል።

የናፍታ ሞተርን ለተሽከርካሪ ያበቃው ግን ይኸው ችላ የተባለ ዕቃ ነው። ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 በጀርመን አገር በአውግስቡርግ ከተማ ያሳካው ሞተር ነዳጁን በታመቀ አየር እየነፋ ያስገባ ስለነበር አየር የሚያምቅ ሌላ መሣሪያ አብሮት መሥራት ነበረበት፤ በዚህም የተነሳ ለፋብሪካና ለመርከብ እንጂ ለመኪና የሚመች አልነበረም። ሮበርት ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1922 ፖምፓ ለመሥራት ተነሥቶ በ1927 በብዛት ማምረት ሲጀምር ነገሩ ተለወጠ፤ በ1975 ደግሞ ኩባንያው ቪኢ የተባለውንና ለሁሉም ሲሊንደሮች በአንድ ፕላንጀር የሚያከፋፍለውን ፖምፓ አወጣ። ጃፓኖች ይህንኑ በፈቃድ እየሠሩ ለመኪኖቻቸው ገጠሙት፤ በኢትዮጵያ ጥርጊያ መንገዶች ላይ ለረጅም ዘመን የታወቀው ባለ 4.2 ሊትርና ባለ ስድስት ሲሊንደር የላንድክሩዘር 1ኤችዜድ ሞተርም የተገጠመለት ፖምፓ የዚሁ ዘር ነው።

ፕላንጀር የሚባለው በቤቱ ውስጥ እየተሽከረከረ ወደፊትና ወደኋላ የሚመላለስ አጭር የብረት ዘንግ ሲሆን፣ በእርሱና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ከጥቂት ማይክሮን፣ ማለትም ከሚሊሜትር ሺህኛ ክፍልፋዮች፣ አይበልጥም። ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ዙር ሲዞር ፖምፓው ግማሹን ይዞራል፤ በእያንዳንዱ ዙርም ለስድስቱም ሲሊንደሮች አንድ አንድ ጊዜ ስለሚገፋ ፕላንጀሩ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ይመላለሳል። በዚህ ሒሳብ በሰዓት በአማካይ 50 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ 300,000 ኪሎ ሜትር የደረሰ መኪና ፕላንጀሩን ከ2 ቢሊዮን ጊዜ በላይ አመላልሶታል ማለት ነው። ለዚህ ሁሉ ድካም የሚሰጠው ማለስለሻ ደግሞ የሞተር ዘይት ሳይሆን ራሱ ናፍታው ነው፤ ስለዚህ ናፍታው ውኃ ወይም አቧራ ካለበት፣ ወይም አንድ ብልህ ነጋዴ ነጭ ጋዝ ከቀላቀለበት፣ ፖምፓው ደረቅ ጉሮሮውን ይዞ ይሠራል፤ ነጭ ጋዝ ከናፍታ የቀጠነና የማለስለስ ኃይሉ ያነሰ ነውና።

ባለንብረቱ በዚህ ሁሉ ላይ የሚያቀርበው ክርክር አንድና አጭር ነው፤ ይኸውም ያልተበላሸ ነገር አይነካም የሚለው ነው። ፖምፒስታው፣ ማለትም ሥራው ፖምፓ መፍታትና መግጠም ብቻ የሆነ ባለሙያ፣ «ጋሼ፣ ይኼ ፖምፓ ደክሟል፤ ሳይጥልዎት እናውርደው» ሲል፣ «አይ ልጄ፣ እየሠራ እኮ ነው፤ የሚሠራ ነገር ፈታችሁ ልታስለምዱብኝ ነው?» የሚል መልስ ያገኛል። ይህ እምነት ለብዙ ነገር እንደሚበጅ አይካድም፤ በተለይ ፈቺው ብዙ፣ ገጣሚው ጥቂት በሆነበት ጋራዥ ውስጥ ከብዙ ጥፋት አድኗል። ለፖምፓ ግን አይበጅም፤ ያረጀ ፖምፓ መሥራቱን ሳያቋርጥ ለረጅም ጊዜ ይደክማልና፤ ድካሙንም ሳይሸሽግ ይናገራል።

የመጀመሪያው ንግግር ሞተሩ ሲግል አልነሣ ማለቱ ነው። ማለዳ በአንድ ቁልፍ የተነሣው መኪና ሚሌ ላይ ለምሳ ቆሞ በአፋር ፀሐይ ከተጠበሰ በኋላ ሞተሪኖው ቢዞር ቢዞር አይነሣም፤ ምክንያቱም የጋለ ናፍታ ስለሚቀጥን በተበላው ፕላንጀር ጎን ሾልኮ ይመለሳል፣ በሞተሪኖው ዝግተኛ ዙርም ኖዝሉን የሚከፍት ግፊት አይገኝም። ረዳቱ በዚህ ጊዜ የመጠጥ ውኃውን በፖምፓው ላይ ሲያፈስስ ናፍታው ቀዝቅዞ ይወፍርና መኪናው ይነሣል። በመካኒክ ዘንድ ይህ ፕላንጀሩ ለመበላቱ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ በባለንብረቱ ዘንድ ግን ጥገና ነው፤ ከዚያ ዕለት ጀምሮም ሁለት ሊትር ውኃ ከመለዋወጫዎቹ ጋር በቋሚነት ይጫናል። ሹፌሩም በበኩሉ ምሳውን ሞተር ሳያጠፋ መብላት ይለምዳል፣ ማጥፋት ግድ ሲሆንበትም ቁልቁለት ይመርጣል። መኪናው ለሽያጭ በቀረበ ጊዜ ደላላው ሞተሩን አስነሥቶ ጠብቆ ገዢው ሊብሬውን አገላብጦ እስኪጨርስ ድረስ አለማጥፋቱ ከትሕትና የመጣ አይደለም፤ ገዢ የሆነ ሰው ሞተሩን በግለቱ አስጠፍቶ፣ ሩብ ሰዓት ቆይቶ ደግሞ ማስነሣት ይገባዋል።

ሁለተኛው ምልክት ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝን ደስታ የሚፈጥር ነው። ፖምፓው በቺንጋ ሳይሆን በጥርስ በሚዞርባቸው ሞተሮች የዘንጉ ኦይል ሲል፣ ማለትም ፈሳሽ እንዳያልፍ የሚያግደው ጎማ፣ ሲያልቅ ናፍታው ወደ ሞተሩ ዘይት ይወርዳል፤ በዚህም የተነሳ የዘይቱ ልክ በመቀነስ ፈንታ ይጨምራል። ባለንብረቱም መለኪያውን መዝዞ አይቶ፣ ሌሎች ዘይት በሚበላ ሞተር ሲቸገሩ የእርሱ ሞተር ዘይት እንደሚወልድ ለወዳጆቹ ይተርካል፤ በናፍታ የቀጠነው ዘይት ኩሽኔታዎቹን እስኪጨርስ ድረስም ትረካው ይቀጥላል።

የጉልበት መቀነስና የሚኒሞ መዋለል፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ከፍ ዝቅ እያለ መዞሩ፣ ከዚሁ ይመደባሉ። ጉልበት ሲቀንስ የሚሰጠው የሰፈር መድኃኒት የነዳጅ መጠን የሚወስነውን ብሎን ማጥበቅ ነው፤ መኪናው ለጥቂት ወራት ጎረምሳ ይሆናል፣ ጥቁር ጭስም ያወጣል። ጭሱን ያየ ሰው ቢጠይቅ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መሆኗ፣ ጣርማበርም ከ3,000 በላይ መሆኑ፣ አየሩም ስስ መሆኑ ይነገረዋል። ነገሩ እውነት ነው፤ አየር ሲሳሳ ነዳጁ ሙሉ በሙሉ ስለማይቃጠል ጭስ ይበዛል። ነገር ግን ያ ከፍታ መኪናው አዲስ ሳለም እዚያው ነበር።

ፖምፓው በዚህ ደረጃ ሳለ ሲወርድ ወጪው ልክ አለው። ባለሙያው አስቀድሞ በመፈተሻ ማሽን ላይ ያስረውና ከእያንዳንዱ መስመር የሚወጣውን ፈሳሽ በተደረደሩ የመስታወት መለኪያዎች ያያል፤ ከዚያም ፈትቶና አጥቦ ፕላንጀሩን፣ ፕላንጀሩን የሚገፋውን ጥርሳም ገበታ፣ ገበታው የሚንከባለልባቸውን ሮለሮችና ናፍታውን የሚስበውን ውስጣዊ ፖምፓ ይመረምራል፤ የተበላውን ቀይሮ፣ ኦሪንጎቹን ሁሉ አድሶ፣ እንደገና በማሽኑ ላይ በተለያየ ዙር ይለካዋል። ቤቱን በቤንዚን አጥቦ የኦሪንግ ኪት ብቻ መቀየርና መልሶ መግጠም እድሳት ተብሎ በብዙ ቦታ ይሸጣል፤ ያ ግን ማንጠባጠብን ያቆማል እንጂ የተበላ ብረት አይመልስም።

ሳይወርድ የቀረው ፖምፓ በመጨረሻ ሲነክስ ግን ፕላንጀሩ ቤቱን ቧጥጦ ሁለቱንም ከጥቅም ውጭ ያደርጋል፣ የብረት ፍርፋሪውም እስከ ኖዝሎቹ ይሄዳል፤ ወጪውም የሙሉ ፖምፓ፣ የኖዝሎችና መኪናውን ከጋላፊ እስከ አዳማ የመጎተት ይሆናል። መኪናውን ጥሎ ሌላ ልግዛ የሚለው ሐሳብም እንደ ድሮው አይደለም፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወድዷል፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ማገዱን አስታውቋል።

ስለዚህ መኪናው 300,000 ኪሎ ሜትር ያለፈና በግለቱ ለመነሣት ማንገራገር የጀመረ ባለንብረት ፖምፓውን በራሱ እግር ወደ ባለሙያው ያድርሰው፤ የመፈተሻ ማሽን ከሌለበት ቤት ግን አያስፈታው። ከመፈታቱ በፊትና ከተገጠመ በኋላ የተለካው በጽሑፍ ይሰጠው፤ ኖዝሎቹም አብረው ይፈተሹ፤ የተቀየሩት አሮጌ ዕቃዎች ለራሱ ይመለሱለት፤ የናፍታ ፊልትሮውም በዚያው ቀን አዲስ ይሁን።