ኧረ የሻወሩን ወለል ተዉልን!

ኧረ ስለ ፈጣሪ! ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ በጋራ ግቢ ተከራይቶ የኖረ ሰው ይህን ብሶት ያውቀዋል። ሻወር ቤቱ አንድ፣ ተከራዩ ብዙ። ውሃ መጣ ሲባል ባልዲ ይዞ ወረፋ መጠበቅ ነው። ተራ ደርሶ በሩ ሲከፈት የሽንት ክርፋት ይቀበላችኋል።

«ውሃ ያጥበዋል እኮ!» ይላል የሸናው ሁሉ። የትኛው ውሃ? በግማሽ ባልዲ የሚለቃለቅ ሰው ለወለሉ ከየት ያምጣ? ሲሚንቶው ተሰነጣጥቋል፤ ሽንቱ ስንጥቁ ውስጥ ይቀራል፣ ባክቴሪያ ዩሪያውን ወደ አሞኒያ ይለውጠዋል፤ አፍንጫ የሚሰነፍጠው እሱ ነው። ፍሳሹም ሽንት ቤቱ ጉድጓድ አይገባም፤ በቱቦ ወጥቶ ልጆች የሚጫወቱበት ደጅ ላይ ይተኛል።

በ2009 እ.ኤ.አ. ብራዚል ውስጥ አንድ የደን ተቆርቋሪ ድርጅት ውሃ ለመቆጠብ ሻወር ውስጥ ሽኑ ብሎ ቀስቅሶ ነበር። በድርጅቱ ስሌት የእነሱ ሽንት ቤት በአንድ ጊዜ 12 ሊትር ያህል ይለቅ ነበር። የእኛ ጉድጓድ ምን ውሃ ይፈልጋል?

የጤነኛ ሰው ሽንት ብዙም በሽታ አያስተላልፍ ይሆናል፤ በግል ሻወሩ የሚሸናውንም ማንም አይከሰውም። የታይፎይድ ጀርም ግን በሽንትም ይወጣል። ታማሚውን ከጤነኛው ለይቶ የሚያስገባ ማን አለ?

እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የእግር ነገር ነው። ጎጃም በእግር እብጠት፣ በፖዶኮኒዮሲስ፣ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነው። ቀዩን አፈር በባዶ እግሩ ሲረግጥ የኖረ ገበሬ እግሩ ያብጣል፣ ቆዳው ይሰነጠቃል። ሕክምናው ዕለት ዕለት በሳሙናና በንጹሕ ውሃ መታጠብ፣ ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። በስንጥቁ ጀርም ሲገባ እግሩ እንደ እሳት ይጋያል፣ ትኩሳቱ አልጋ ላይ ይጥላል። ለሐኪም ብለው ከገጠር መጥተው ዘመድ ቤት ያረፉ እናት ያንን እግራቸውን ይዘው የሰው ሽንት ላይ ይቁሙ?

ደግሞ ሽታውን ለማጥፋት በረኪና የሚደፋ አለ። በረኪና ከሽንት ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይፈጥራል፤ አስቀድማችሁ ወለሉን በደንብ በውሃ አለቅልቁት። አከራዮችም ያን የወለል ስንጥቅ አስለስኑት። ሽንት የመጣባችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ሽንት ቤቱ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው፤ ገብታችሁ ሽኑና ከዚያ ታጠቡ።