ድርሳነ ሞባይል ዘጳውሎስ

የቀደሙት ሊቃውንት ስለ መላእክት ማዕረግ፣ ስለ ነገሥታት የዘር ሐረግ፣ ስለ ዕፀዋት መድኃኒትነት ሲጽፉ ብራና አልሰሰቱም። ስለ በሽተኛ ሞባይል ግን አንዲት ቅጠል እንኳ አላተረፉልንም። ይህን ጉድለት ለመሙላት በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ጀርባ ተከራይተን የምንኖር እኛ ብዕር አንሥተናል። «እኛ» ያልነው አንድ ሰው ነን፤ ምርምሩ ክብር ስለሚሻ ነው።

እንደ ደንቡ ከዳግማዊ ምኒልክ እንጀምራለን፤ ከእርሳቸው ያልተነሣ የቴክኖሎጂ ሐተታ በአገራችን ከቁም ነገር አይገባምና። ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የስልክ ሽቦ ያስዘረጉት እርሳቸው ናቸው። ሽቦ መልካምነቱ ሲበጠስ መታየቱ ነው፤ ሰው ተልኮ ጫፉን ከጫፉ ይቀጥላል። በ1991 ዓ.ም. ሞባይል አገር ሲገባ ሽቦው ቀረ፤ የብልሽቱም ምክንያት አብሮት ከዓይን ተሰወረ። የእኛ ጥበብ የተወለደችው ከዚህ ስውርነት ነው።

የምርምራችን ርእሰ ጉዳይ፣ ክብራችን የአምራቹን ስም ለመጥራት የማይፈቅድለት አንድ ስማርት ስልክ ነው። ከደዌዎቹ ሁሉ የከፋው 34 በመቶ ቻርጅ እያለው መሞቱ ነው። ጨዋው ሕዝብ «ይዋሻል» ይለዋል። ሊቅ ግን እንዲህ አይፈርድም። ስልኩ ባትሪው ውስጥ ስንት እንደቀረ ገብቶ አያይም፤ ከቮልቴጁና ከሌሎች ምልክቶች ተነሥቶ ይገምታል። ሊቲየም ባትሪ ሲያረጅ ደግሞ ውስጡ ለኤሌክትሪክ መንገድ መከልከል ይጀምራል። ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ደህና ይመስላል፤ ጥሪ ሲመጣ ወይም ካሜራ ሲከፈት፣ ብዙ ኃይል ባንዴ ሲጠየቅ፣ ቮልቴጁ ቁልቁል ይወርዳል፤ ስልኩም ድርግም። ስለዚህ ይህ 34 በመቶ ከጳውሎስ ታክሲ ረዳት «አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው» ከሚለው ጋር በአንድ መዝገብ የሚጻፍ ቁጥር ነው፤ የሚያምን ይሳፈራል።

ጎረቤታችን ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. የአገሪቱን የመጀመሪያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ አካሂዷል። ከአጥሩ ማዶ የሰው ኩላሊት ይተከላል። ከአጥሩ ወዲህ ግን አንዲት ባትሪ ለመቀየር ጠጋኙ ላብ ላብ ይለዋል፤ ጀርባው በማጣበቂያ ታሽጓልና። «ጋሼ፣ ስክሪኑ ቢሰበር በእርስዎ ነው» ይላል። ቀዶ ሐኪሞቹም ከሥራቸው በፊት ታማሚውን ያስፈርማሉና አንፈርድበትም።

ቀጥሎ የሚመጣው ደዌ ዘመን መሳት ነው። ባትሪው ጨርሶ ደርቆ ሲያድር ስልኩ ሰዓቱ ይጠፋበታል፤ ሲነሣም ዛሬ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1970 ነው ይላል። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1962፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ቀኑ በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። ዩኒክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓትና ዘመዶቹ ጊዜን ከዚያች ቅጽበት ጀምረው በሰከንድ ይቆጥራሉ፤ የስልካችንም ነገድ ከዚያው ነው። እንግዲህ ቀኑን በእጃችን እስክናስተካክል ድረስ የምንኖረው በጃንሆይ ዘመን ነው። ሆስፒታሉ ገና ቀለሙ አልደረቀም፤ ደርግ የሚባል ነገር አልተሰማም። በዚህ መሐል የቴሌግራምን ድረ ገጽ ክፈት ሲሉት አሻፈረኝ ይላል፤ ከማዶ የሚቀርብለት የመተማመኛ ሰነድ የተጻፈበት ቀን ለእሱ ገና ወደፊት ነውና። ልክ ነው። በ1962 ዓ.ም. ቴሌግራም የሚፈልግ ሰው ቴሌ ቢሮ ሄዶ ይሰለፍ ነበር።

የሚደንቀው ኮከብ 127 መሰላል ብለው ሲደውሉ ቴሌብር መከፈቱ ነው። ይህ መንገድ ኢንተርኔት አይሻም፤ የስልኩንም ቀን መቁጠሪያ አይጠይቅም። በጃንሆይ መንግሥት ሆነን የሽንኩርት ሒሳብ ከፍለናል።

ስልኩ ቻርጅ ላይ ሳለ ጣት ሳይነካው ራሱ መጻፉንም እናነሣለን፤ አንድ ሌሊት ለአለቃችን ሙሉ መስመር «ሰሰሰሰሰ» ልኳል። አከራያችን እማማ ጠበል ይረጭበት አሉ። መንፈሱ ያለው ግን ቻርጀሩ ውስጥ ነው። ስክሪኑ የጣትን መንካት የሚያውቀው በጥቂት የኤሌክትሪክ ለውጥ ነው፤ ርካሽ ቻርጀር የሚረብሽ ኤሌክትሪክ ሲልክበት ጣት መጣ ብሎ ይደነግጣል። እማማ በዚህ ማስረጃ አልረኩም።

ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ አንድምታው እንለፍ። ንባብ፦ «ስልኬ ዘግቶብኝ ነው።» ትርጓሜ፦ ባትሪዬ አለቀ ሲል ነው። አንድም፦ የዕቁብ ሰብሳቢው ሲደውሉ አይቻለሁ፣ ብሩ ግን አልሞላልኝም ሲል ነው። አንድም፦ የጠራሽኝ እናትሽ ቤት ለመሄድ ነው ብዬ ጠርጥሬ ነው ሲል ነው። አንድም፦ ለቀብር ድንኳን ተከላ ሰው እየተፈለገ መሆኑን ሰምቼ ነው ሲል ነው። ይህቺን ንባብ በሰፈራችን መርምሮ የሚያፋጥጥ የለም፤ የጠያቂውም ስልክ ባለፈው ሳምንት ዘግቶበት ነበርና። ጤነኛ ስልክ ያለው ሰው ምስኪን ነው፤ ላልመለሰው ጥሪ ሁሉ ምክንያቱ ራሱ ብቻ ይሆናል።

ከዚህ ሐተታ የሆስፒታሉን በር እናወጣለን። እዚያ ጋቢ ለብሰው ከአጥሩ ሥር የተቀመጡ፣ ከሩቅ አገር የመጡ አስታማሚዎች አሉ። ያየናቸው አብዛኞቹ የያዙት ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ቻርጁ ቀናት የሚቆይ፣ ጀርባው በላስቲክ የታሰረ። ሲጮኽ ገና በመጀመሪያው ያነሡታል። ለእነርሱ ንባቡ አንድምታ የለውም፤ ስልክ ዘጋ ማለት አልጋ ተገኘ ተብሎ ሲደወል አለመኖር ነው። አንዷ እናት ስልካችንን ተውሰው ወደ አገር ቤት ሊደውሉ ፈልገው፣ 41 በመቶ አይተን በኩራት ሰጠናቸው። ሁለት ጊዜ ጠርቶ ጠፋ። የዚያን ቀን ሊቅነታችን አልጠቀማቸውም፤ የጠቀማቸው አጠገባቸው የተቀመጠው የጥበቃው ኖኪያ ነው።

ጠጋኙ በመጨረሻ ባትሪ አምጥቷል፤ ስክሪኑም ቢሰበር ግማሹን እችላለሁ ብሏል። «ነገ ጠዋት ይምጡ ጋሼ፣ እስከ ሰባት ሰዓት እንደ አዲስ ይሆናል።» ነገ ስምንት ሰዓት ላይ ደግሞ የዕድሩ ጸሐፊ መዋጮ ያልከፈሉትን በየስልካቸው ይጠራሉ። ለጠጋኙ መልስ ልንሰጥ ብንደውልም ስልኩ ዘግቶብናል።