ለአንዲት ሰከንድ ይህ ሁሉ ጣጣ

ወገኖቼ፣ የናይሮቢን ጎረምሳ የሚያንገበግበው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የቤት ኪራይ እንዳይመስላችሁ። ቤንዚኑን ረግጦ ቱርቦው እስኪነሳ የምታልፈው አንዲት ሰከንድ ናት! በኛ ጊዜ መኪና ከተነሳ ተመስገን ነው። እምቢ ካለም ወርደን እንገፋለን፤ ስንገፋ ከመንደርተኛው ጋር እንተዋወቃለን። ዛሬ ማን ከማን ይተዋወቃል?

የልጅ ልጄ ሱባሩ ኢምፕሬዛ አለው። ከነቱርቦው የመጣ ደህና መኪና ነበር። እሱ ግን ፈረስ ጉልበት ልጨምር ብሎ ትንሹን አስወልቆ ትልቅ አስገጠመ። ቱርቦ ማለት ያው ወናፍ ነው፤ የሞተሩ ጭስ ያሽከረክረዋል፣ እሱ ደግሞ ለሞተሩ አየር ይነፋለታል። ሲተልቅ ይከብዳል፣ ሲከብድ ዘግይቶ ይነሳል። በዚያ ላይ ናይሮቢ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ አየሩ ስስ ነው፣ የባሰ ይዘገያል። እንግዲህ በሽታውንም መድኃኒቱንም በገዛ ገንዘቡ ገዛ!

መድኃኒቱ ያለው ኪሪንያጋ መንገድ ነው፤ እኛ ሽማግሌዎቹ ዛሬም ግሮጋን እንለዋለን። እዚያ አንዱ መካኒክ የአየር ቱቦውን አሳጥር ይለዋል፣ ሌላው በኳስ ኩሽኔታ የሚዞር ቱርቦ ግዛ፣ ሦስተኛው ኮምፒውተሩን ላስተካክል ይላል። አንዱ ጉደኛማ ነዳጁ ጭስ መውጫው ውስጥ እንዲነድ አደርግልሃለሁ አለው፤ ቱርቦው እንዳይቀዘቅዝ ነው አሉ። ያንን ሲያስሞክር ሰፈሩ ተኩስ መስሎት በር ዘጋ። ቱርቦውም በዚህ ዓይነት ብዙ አይቆይም።

አንድ ሽማግሌ መካኒክ ግን እውነቱን ነገረው፦ «ከሞተሩ የሚወጡት ቱቦዎች እኩል ርዝመት ይኑራቸው፣ ጭሱም በሁለት መንገድ ተለይቶ ይግባ፤ ቱርቦው ቶሎ ይነሳል። ያ የሱባሩ ጉርምርምታ ግን ይጠፋል።» ልጁ እምቢ አለ! ድምፁ ከጠፋ ምን ቀረኝ አለ። አያችሁ? ጆሮና እግሩ አልተስማሙም።

ድሮ የሳፋሪ ራሊ የመኪና ውድድር በፈረንጆች ፋሲካ ሲመጣ፣ ሾፌሩ ጆጊንደር ሲንግ እ.ኤ.አ. በ1965 ያለ ምንም ቱርቦ በቮልቮ አሸነፈ። በ1974 እና በ1976 ደግሞ በሚትሱቢሺ ላንሰር። ጭቃው እስከ መስኮት፣ ሰዉ ሁሉ ጨዋ፣ ዝናቡም በሰዓቱ። በ1984 ቶዮታ ሴሊካ ቱርቦ አሸነፈ፤ ዓለም የተበላሸችው ያኔ ነው።

እኔ በፔጆ 504ዬ ከሊሙሩ ቁልቁል ወደ ማይ ማሂዩ ስወርድ ፍሬን ሳልነካ ስንቱን ቀድሜያለሁ! ያ ግን ፍጥነት አይደለም፣ ችሎታ ነው። ልጁ ግን በቲካ መንገድ ያተረፋትን ሰከንድ ፓንጋኒ ሲደርስ ለመኪና ሰልፍ ይመልሳታል። እኔ በበኩሌ አረንጓዴ በርቶ ፊቴ ያለው ሾፌር ሲያንቀላፋ ክላክሱን አልለቀውም፤ ሥነ ሥርዓት ለማስተማር ነው።

ስለዚህ እናንተ የእኔ ቢጤዎች፣ ልጆቻችሁን ትዕግሥት አስተምሯቸው። ደግሞም ፈጣን መካኒክ የምታውቁ ጠቁሙኝ፤ ፔጆዬን ጠዋት ያስገባሁለት ሰውዬ እስካሁን ካርቡራተሩን አላጸዳም፣ እኔ እንደሆነ መጠበቅ አልወድም።