አቦሉ መቼ ነው የሚቀዳው?

በአማርኛ ቡና ቤት ማለት ቡና የማይገኝበት ቤት ነው። ቢራ ሞልቷል፣ ጥግ ላይ ኦርጋን የሚነካ ጎረምሳ አይጠፋም፤ ቡና ስትሉ ግን አስተናጋጇ «ማሽኑ ተበላሽቷል» ትላለች። ማሽን ገዝተው እንደሚያውቁ እንጃ።

እስከ ዛሬ የሚናፍቀኝ ቡና ቤት ያለው ዱብሉቅ ነው፣ ከያቤሎ ወደ ሜጋ በሚወስደው መንገድ ላይ። ታፔላ የለውም፤ የአንዲት የቦረና እናት ጎጆ ነው። እማማ ጫፍ ጫፉን የነከሱትን ጀንፈል ቡና ከነገለባው የጋለ ቅቤ ውስጥ ጨመሩት። ፍሬው ጣ! ጣ! እያለ ሲፈነዳ ጎጆዋ በቅቤ ሽታ ታወደች። ወተት ጠብ አድርገውበት በእንጨት ሳህን አቀረቡልን።

እኔ የቡና ቁርስ መስሎኛል። ቆሎው እዚህ አገር እንዲህ ነው ብዬ ቃም ቃም አደረግሁና ጀበናውን መጠበቅ ጀመርኩ። ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ። ሲቸግረኝ ወደ ሾፌራችን ጠጋ ብዬ «አቦሉ መቼ ነው የሚቀዳው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም በልተው ጨርሰዋል እኮ!»

ቡና ቃላ ይሉታል፤ «የታረደ ቡና» እንደማለት ነው። እማማ ስቀው ሲያበቁ በተረፈው ቅቤ ግንባሬን ቀቡኝ። እኔ የማውቃቸው ቡና ቤቶች ግንባር የሚያስቋጥር ሂሳብ ነው የሚያመጡት።

ሙዚቃው ደግሞ ከጉድጓድ ይወጣል። ዱብሉቅ ቱላ ከሚባሉት ዘጠኝ የቦረና የውሃ ጉድጓዶች አንዱ ነው። ከነዚህ ጉድጓዶች 30 ሜትር የሚጠልቅ አለ። ወጣቶቹ ከሥር እስከ አፉ በየእርከኑ ይደረደሩና ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ እየወረወሩ ይዘፍናሉ፤ ሙሉው ሲወጣ ባዶው ይወርዳል። ዜማው ከተዛነፈ ባልዲው ይስታል፣ ስለዚህ እዚያ ከምት የሚወጣ ዘፋኝ ወዲያው ይታወቅበታል። የከተማችን ባንዶች አንድ ሳምንት ቢለማመዱበት እንዴት ጥሩ ነበር!

ታዳሚው ከብት ነው። ተራው እስኪደርስ ቆሞ ያዳምጣል፣ ስልክ አውጥቶ አይቀርጽም። ተራውን የሚያስከብሩት አባ ሄሬጋ ይባላሉ። የኛን የታክሲ ተራ አስከባሪዎች እዚያ ወስዶ ማሳየት ነበር፤ ያለ ጩኸትም ይቻላል።

እኔ ግን የከተማ ልማዴ አልለቀቀኝም። ዜማው ከፍ ሲል ስሜቴ ገነፈለና አጨበጨብኩ። ከላይ ያለው ልጅ ማነው ብሎ ዞር ሲል ባልዲው አመለጠው፤ ውሃው ሁሉ ከታች ባለው ጎልማሳ አናት ላይ ወረደ። ዘፈኑ ቆመ። ከጉድጓዱ ውስጥ በኦሮምኛ አንድ ረዥም ዓረፍተ ነገር ወጣ፣ አገር ምድሩ በሳቅ ፈረሰ። ላሞቹም ሳይቀሩ ወደኔ የዞሩ መሰለኝ።

«ምን አለ?» ብል ሾፌራችን ሳቁን ዋጥ አድርጎ «ሰላም ብሎዎታል» አለኝ። ሜጋ እስክንደርስ ለመንኩት፤ ከዚያ በላይ ሊተረጉምልኝ አልፈቀደም።