«ጦቢያ» ሐራ ላይ

አልቃሻ መጽሐፍ ይዞ ሐራ መውረድ አይመከርም። ከወልዲያ ተነስቶ የጭፍራን መንገድ ይዞ ቁልቁል የተንደረደረ ሰው ገና ከመኪና ሳይወርድ ላቡ አገጩ ላይ ደርሷል፤ ማን በልብ ወለድ እንዳለቀሰ፣ ማን በሙቀት እንደራሰ አይለይም።

የእህቴ ልጅ «ጦቢያ»ን አንብባ የተሰማትን ጽፋ እንድታመጣ ታዛለች። ሐራ መጽሐፉ የለም። ወልዲያ አንድ ወዳጄ ዘንድ አለ፣ ግን አያውስም። ለምኜ ለምኜ ፎቶ ኮፒ ቤት ድረስ አብሮኝ መጣና እንደ ዘበኛ ቆሞ አስገልብጦ፣ መጽሐፉን ብብቱ ሥር ሸጎጠና ሄደ። በመሀሉ መብራት ሄዶ መጥቷል፣ መጥቶም ሄዷል። ረዳቱ «ሐራ አንድ ሰው! አንድ የቀረው!» እያለ ሲጮህ ማን ቆሞ ገጽ ይቆጥራል?

መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳ። ይኸ የተለመደ ስለሆነ አላወራበትም፤ አዲሱ ነገር ተጠባባቂ ተብሎ የወረደውም ጎማ የፈነዳ መሆኑ ነው። ግራር ሥር ተቀምጠን ሌላ ጎማ ስንጠብቅ አንዱ ተሳፋሪ «ባቡሩ ቢያልቅ እኮ ይኸ ሁሉ አይኖርም ነበር» አለ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ የሚመጣውና ከመቀሌ የሚወርደው ሐዲድ ሐራ ገበያ ላይ ይገናኛሉ ተብሎ ስንት ተወራ፤ የሰሜኑ ጦርነት መጣና ወሬው ቀረ። ማንም አልመለሰለትም።

ማታ እህቴ ቤት ቡና ተፈላ። እማማ፣ ማለትም የጎረቤት አሮጊት፣ መስገጃቸውን አጥፈው መጡ፤ አንድ የግመል ደላላም አማቼን ፈልጎ መጥቶ ተቀመጠ። ልጅቱ በስልክ መብራት ታነብ ጀመር።

ለማያስታውስ ሰው፦ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተማት፣ የአማርኛ የመጀመሪያዋ ልብ ወለድ የምትባለው፣ መቶ ገጽ የማትሞላ መጽሐፍ ናት። የጦር አለቃ ይማረካል፤ የማያውቀው ነጋዴ ዋጋውን ከፍሎ ያስለቅቀዋል። መንታ ልጆቹ ዋህድና ጦቢያ ናቸው። ዋህድ ውለታውን ልመልስ ብሎ ነጋዴውን ፍለጋ ሲወጣ ለባርነት ይዳረጋል፤ ጦቢያም የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። በየመንገዱ ይለቀሳል።

እህቴ አባትየው ሲማረክ ጀምራ አላቆመችም። ልጅቱ ደግሞ ተናደደች፤ «ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች ሌላ ሥራ የላቸውም?» አለችኝ።

ደላላው ግን የተያዘው ነጋዴው ላይ ነው። «ለማያውቀው ሰው ያን ያህል ብር ከፍሎ፣ ዝም ብሎ የሚሄድ ነጋዴ? እኔ ገበያ ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ የለም!» አለ። ዘንድሮ ስንቱ መንገደኛ ታግቶ፣ ስንቱ ቤተሰብ ማስለቀቂያ ሲለምን እንደከረመ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። እማማ ስኒያቸውን አስቀመጡና «አንተ አላየኸው ይሆናላ» አሉት፤ «በቀኝ የሰጠኸውን ግራህ ካወቀ ምኑን ሰደቃ ሆነ?» ደላላው ዝም አለ። እኔ ስለዚች መጽሐፍ ከተጻፈው ሁሉ የእማማን የሚያህል አላነበብኩም።

አማቼ በሌላ በኩል መጣ። «ጸሐፊው ያ አፈ ቄሳር የተባለው አይደለም እንዴ? የባንዳ መጽሐፍ ለልጅ ይነበባል?» እውነቱን ነው፤ ሰውዬው በወረራው ዘመን ከጣሊያን ጋር አብሮ ያን ማዕረግ ተቀብሏል፤ ጅማ ላይ በግዞት ነው የሞተው። ግን ዘጌ የተወለደው ያ ሰው ወጣት ሳለ ሥዕል ሊማር ቶሪኖ በሄደበት ጊዜ፣ ጣሊያን በሙሉ አንድ የልጆች መጽሐፍ ታቅፎ ያለቅስ ነበር፤ የኤድሞንዶ ደ አሚቺስ «ኩዎሬ»፣ በ1886 በአውሮፓ አቆጣጠር የወጣው፣ ታሪኩም እዚያው ቶሪኖ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። አንብቦት ይሁን አይሁን እንጃ፤ ለአልቃሻ መጽሐፍ ግን ከዚያ የተሻለ ከተማ አልነበረም። በኋላ ኡምቤርቶ ኤኮ የተባለው ጸሐፊ ተነስቶ ከዚያ ክፍል ሁሉ የወደድኩት ሲለቀስ የሚስቀውን ክፉውን ፍራንቲን ነው ብሎ አረፈው። የእህቴ ልጅ የኤኮ ወገን ናት።

ይህን ለአማቼ ሳስረዳው እሱ አንቀላፍቷል።

ልጅቱ የቤተ መንግሥቷ ቆንጆ ጦቢያን ወንድ መስላት በፍቅር የተያዘችበት ላይ ደርሳ፣ ገጽ ገለጠች፤ ባዶ ነጭ ወረቀት። ሌላም ገለጠች፤ ባዶ። መብራቱ የሄደው ለካ እዚህ ላይ ነው። ሲያንጎላጅ የነበረው አማቼ እንኳን ነቅቶ «እና እንዴት ሆነች?» ይላል። ለወዳጄ ብደውል ስልኩን አያነሳም፤ መጽሐፉን አውሰኝ ልለው የደወልኩ መስሎት ይሆናል።

ትዝ የሚለኝን ነገርኳቸው። ጦቢያ ሴት መሆኗ ይታወቃል፣ አረመኔው ንጉሥ ይወዳታል፣ ተጠምቆ ያገባታል፤ ዋህድም ይዳራል፤ በቃ ሠርግ።

«ሳይጠመቅ አይሆንም ነበር?» አሉ እማማ።

ወሎ ተቀምጦ ለዚህ መልስ መስጠት ቀላል አይደለም። የእማማ ወንድም ልጅ ስሙ ገብሬ ነው፤ የእህቴ ባል አያት ሐጂ ነበሩ። ደላላው እየሳቀ «እማማ፣ እርስዎ ቢሆኑ እንዴት ይጨርሱት ነበር?» አለ። «እሱም በሃይማኖቱ እሷም በሃይማኖቷ። ሁለት በሬ ይታረዳል፤ አንዱ በቢስሚላህ፣ አንዱ በስመ አብ። ያ ነጋዴ ይፈለግና አግዳሚው ላይ ከፊት ይቀመጥ። ስሙን ግን እንዳትጠይቁት!»

ልጅቱ ይኸንኑ ጽፋ አስረከበች። ከአሥር አራት አገኘች፤ «መጨረሻው በመጽሐፉ ውስጥ የለም» ተብሎ። ልክ ነው፣ የለም። እኔ ግን ዘጠኝ እሰጣት ነበር፤ አንዷን የምቀንሰው ያለቀሱትን ሁሉ «ሥራ ፈቶች» ብላ ስለጻፈች ነው፤ እናቷም አለችበትና።