ሥዕል ሳያዩ የመመለስ ጥበብ

ትምህርታዊ ጉብኝት የሚባለው ተማሪን ከመማሪያ ክፍሉ አውጥቶና በአውቶቡስ አሳፍሮ፣ ተቀምጦ ሲሠራው የነበረውን የመገልበጥ ሥራ ቆሞ እንዲሠራው የሚያደርግ የተከበረ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱን በሙሉ ማዕረጉ ማየት የሚሻ ሰው፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ለዩኒቨርሲቲ ወደ ሰጡት የስድስት ኪሎው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ማለትም ወደ ኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ቢዘልቅ ድካሙ ከንቱ አይቀርም።

በሙዚየሙ ከሚገኙት ቅርሶች መካከል የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች አሉ። በዚህ የአሣሣል ወግ ጻድቃን ሙሉ ፊታቸው ከነሁለት ዓይናቸው ሲሣል፣ ኃጥአንና አጋንንት ግን ባብዛኛው ከጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ተማሪው ይህን ልብ እንዲል አይጠበቅበትም፤ ከጉብኝቱ በኋላ ለመምህሩ የሚያስረክበው ሪፖርት የሚጠይቀው ከሥዕሉ አጠገብ በተለጠፈው መግለጫ ላይ የሰፈረውን ስም፣ ዘመንና ቁስ ብቻ ነውና። ስለዚህ ፊቱን ወደ መግለጫው አዙሮ ሲጽፍ ለሥዕሉ የሚታየው በአንድ ዓይኑ ነው፤ የጥንቱ ሠዓሊ ቢያየው ከየትኛው ወገን እንደሚመድበው አያጠራጥርም፣ መምህሩ ግን ሙሉ ማርክ ይሰጠዋል።

ለሥርዓቱ እውነተኛው ስጋት ሳይወድ በግድ የመጣው ተማሪ ነው። ደብተሩን ረስቶ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ ግድግዳ ተደግፎ የሚቆመው ይህ ሰነፍ፣ የሚገለብጠው ስለሌለው ሥዕሉን ወደማየት ሊያዘነብል፣ ብሎም የዚህ ሰይጣን ሌላው ዓይን የት ሄደ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። እንዲህ ያለው ጥያቄ በሪፖርቱ ቅጽ ላይ ቦታ ስላልተተወለት፣ ተማሪውን በጊዜ ተቆጥቶ ወደ ሰልፉ መመለስ ተገቢ ነው። (እርግጥ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታና መታጠቢያ ክፍል ሲደረስ ሰልፉ ሁሉ ይፈርሳል፤ ብዕር ቆሞ ዓይን የሚሠራው እዚያ ብቻ ነው፣ ሪፖርቱም ስለዚያ አንዲት ቃል አይጠይቅም።)

ከዚያው አካባቢ ያለው በሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ደግሞ የባሰ አስተዳደራዊ ችግር ይፈጥራል። ጀርመን ተምሮ የተመለሰው ይህ ሠዓሊ፣ የሚታወቅ ሰው ወይም ዕቃ ሳይሣል በቀለምና በቅርጽ ብቻ የሚናገረውን ረቂቅ ሥዕል በአገራችን ካስተዋወቁት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። እንዲህ ያለ ሥዕል ከርእሱና ከዓመተ ምሕረቱ በቀር የሚገለበጥ ነገር ስለማይሰጥ፣ ታታሪዎቹ ተማሪዎች ሁለት መስመር ጽፈው ባዶ ገጽ ይዘው ይቀራሉ፤ ሥራ ፈት ሆነውም ቀና ማለት ይጀምራሉ።

አደጋውን ለማስወገድ ቀላሉ መንገድ መግለጫዎቹን አባዝቶ በየትምህርት ቤቱ መለጠፍና ሥዕሎቹን ባሉበት መተው ነው፤ የነዳጅ ወጪ ይድናል፣ የሪፖርቱም ጥራት ቅንጣት አይጓደልም። ችግሩ የንጉሡን መታጠቢያ ክፍል ማባዛት አለመቻሉ ነው፤ ስለዚህ አውቶቡሱን ጨርሶ መሰረዝ ለጊዜው አይመከርም።