ኖሞድሴት ይበሉ፣ ይድናሉ

አሮጌ ፓወርፒሲ ማክ ላይ ሊኑክስ ጭኖ ማሽኑ አልነሳ ያለው ሰው ዛሬ ብቻውን አይቸገርም። ስክሪኑ ላይ ምን ተጽፎ እንደቆመ እንኳ የሚጠይቀው የለም፤ "አልነሳም አለኝ" ካለ በቂ ነው። ወዲያው ክታቡ ተጽፎ ይመጣለታል፦ ኖሞድሴት፣ ኖአፒክ፣ ኤሲፒአይ ኦፍ፣ ቪዲዮ ኦፍኦንሊ፣ ራዴዮን ኤጂፒሞድ ሲቀነስ አንድ። ከከርነሉ ስም ቀጥሎ አንዲት ፊደል ሳትዛነፍ ይጻፍና ኢንተር ይመታ።

ከሁሉም እኔን የምትገዛኝ ኤሲፒአይ ኦፍ ናት። ኤሲፒአይ የኢንቴሎቹ ማሽኖች ዕቃ ነው፤ አንድም ፓወርፒሲ ማክ ውስጥ ኖሮ አያውቅም። ኖአፒክም የዚያው ቤት ልጅ ናት። የሌለውን አጥፋ ብሎ ማዘዝ ግን ማንን ጎዳ? ከርነሉ ጨዋ ነው፤ የማያውቀውን ቃል እንዳልሰማ ሆኖ ያልፈዋል። ሕመምተኛውም ክታቡ በረዘመ ቁጥር የሚያድን ይመስለዋል።

ክታብ ደግሞ ተፈትቶ አይነበብም፤ ከፈቱት ኃይሉ ይረክሳል። ስለዚህ "ይህቺ ቃል ምን ትሠራለች?" ብሎ የሚጠይቅ ጀማሪ ነውረኛ ነው። መልሱም አንድ ነው፦ "እኔ ጋ ሠርታለች።" የትኛው ማሽን ላይ? በየትኛው ከርነል? ኧረ ወዲያ!

ችግሩ ማሽኖቹ ክፉ ልማድ አለባቸው፤ ይናገራሉ። አስነሺው ፕሮግራም ያቡት ብቅ ብሎ ትእዛዝ ይጠብቃል፤ ኢንተር ሲሉት ከርነሉን ከዲስኩ ያነሳል። ከዚያ በነጭ ስክሪን ላይ ጥቁር ጽሑፍ ይወርዳል። ከርነሉ የማሽኑን ነባር ባለቤት፣ ፎርዝ በሚባል ቋንቋ የሚያወራውን ኦፕን ፈርምዌርን፣ "ምን ምን ዕቃ አለህ?" ይለዋል፤ ዝርዝሩን ይገለብጣል፤ ሲጨርስ ዝም እንዲል ያዘዋል። በመጨረሻ "ሪተርኒንግ ፍሮም ፕሮም ኢኒት" የምትል መስመር ትመጣና ጸጥ። ስንቱ ሰው እዚህች መስመር ላይ አፍጥጦ አድሯል!

መስመሯ ግን ብዙ ትናገራለች። ዲስኩ ተነቧል። ያቡት ሥራውን ጨርሷል። ከርነሉ ሜሞሪ ውስጥ ገብቶ ቁልፉን ከፈርምዌሩ ተረክቧል። የወደቀው ከዚህ በኋላ ነው፤ ወይም ጭራሽ አልወደቀም፣ እየሠራ ነው፣ ስክሪኑን ብቻ መያዝ አቅቶታል። ለዚህኛው ቪዲዮ ኦፍኦንሊ እውነትም ፍቱን ናት፤ የግራፊክስ ካርዱን ድራይቨር ትተህ ፈርምዌሩ በከፈተልህ ስክሪን ጻፍ ማለት ናትና። በዚያ ሁሉ ድግምት መካከል እንዲህ ያለ እውነተኛ መድኃኒት መገኘቱ ነው እኔን የሚያናድደኝ፤ ደራሲው ሳያውቅ ያድናል።

ማንበብ ግን ጊዜ ይፈጃል፤ ፎርማት ማድረግ ይቀላል። እኛ አገር ለኮምፒውተር ሕመም ሁሉ አንድ ሐኪም አለ፤ እሱም ፎርማት ነው። ኪቦርዱ ላይ ሻይ የፈሰሰበትን ላፕቶፕ ፎርማት ሲያደርጉ በዓይኔ አይቻለሁ። "ዲስኩ ደህና ነው" ብሎ ራሱ የመሰከረውን ማሽን ዲስኩን አጥፍቶ እንደገና መጫን የዚህ ትምህርት ቤት የመጨረሻው ማዕረግ ነው።

እንደገና ለመጫን ሲዲ ያስፈልጋል፤ እዚህም ምክር አይጠፋም። ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ሥርጭት ለ32 ቢቱ ፓወርፒሲ ይፋዊ እትም ማውጣቱን እ.ኤ.አ. በ2017 በ9ኛው እትሙ አቁሟል፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩን ይዘው የሚተጉት ፈቃደኞች ናቸው። መካሪያችን ይህን አያውቅም። ይፋዊውን ዝርዝር ሲያገላብጥ ፒፒሲ64ኢኤል የሚል ስም ያገኛል። ፒፒሲ አለ፣ 64 አለ፤ የማኩ ጂ5 ፕሮሰሰር ደግሞ 64 ቢት ነው። ምን ቀረ? የቀረችው "ኢኤል" ናት። ሊትል ኢንዲያን ማለት ናት፤ ፓወር8 ከሚባለው ፕሮሰሰር ጀምሮ ላሉት ማሽኖች የተሰናዳች። እ.ኤ.አ. በ2003 ብቅ ያለው ጂ5 ቁጥሩን የሚያነበው ከትልቁ ጫፍ ነው፤ ከትንሹ ጫፍ የተጻፈለትን አያውቀውም። "ሲዲውም አይነሳም" ሲሉት መካሪው ምን ይላል? ኖሞድሴት።

ይህ ሁሉ ካልረዳ የማሽኑን ቅንብሮች ወደ መሰረዙ ሥርዓት ይገባል። ኮማንድ፣ ኦፕሽን፣ ፒ እና አር አንድ ላይ ተጨብጠው ማሽኑ ይበራል፤ ደወሉ እስኪደጋገም ጣት አይነሳም። አንዱ ሦስት ጊዜ ይላል፣ ሌላው ሰባት፤ ክርክሩ እስካሁን በጉባኤ አልተፈታም። ማሽኑ ከየት መነሳት እንዳለበት ፈርምዌሩ የያዘው ማስታወሻም አብሮ እንደሚሰረዝ ግን ማንም አይነግርዎትም። በአንድ በሽታ ገብተው በሁለት ይወጣሉ።

አንዳንዴ እኮ ጥፋተኛዋ ማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ባትሪ ናት። የማክ ሰዓት ዘመንን መቁጠር የሚጀምረው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1904 ነው። ባትሪዋ ስትሞት ሰዓቱ ወደዚያው ይመለሳል፤ ምኒልክ ከአሜሪካ ጋር የመጀመሪያውን የንግድ ውል ከተፈራረሙ ገና አምስተኛ ቀናቸው ነው። የዲስኩ መዝገብ ደግሞ "ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈትኩት በ2019 ነው" ይላል። ፈታሹ ፕሮግራም ከመቶ ዓመት በኋላ የተጻፈ ቀን ሲያይ ደንግጦ ሁሉን ያስቆማል፤ ቀኑ ወደፊት ሄዷል ብሎም በግልጽ ይጽፋል። ለዚህ የታዘዘውን መድኃኒት ገምቱ። ፎርማት።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። አንድ ሌሊት ባለ 12 ኢንቹን ፓወርቡክ ጂ4 ይዤ የያቡትን ማዋቀሪያ ፋይል ሰባት ጊዜ አረምኩ። ከርነሉን ባደስኩ ማግስት ነበር፤ ስክሪኑ ላይ "ከርነል ፓኒክ" ብሎ፣ ሥሩን የሚጭንበትን ኤችዲኤ3 አጣሁት ብሎ ቁጭ ብሏል። ይህን ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ እያነበብኩ የስክሪን መድኃኒት ስጨምር አደርኩ። ኖሞድሴት ገባች። የራዴዮኗም ገባች። የዚያ ላፕቶፕ ካርድ ኤንቪዲያ መሆኑ ትዝ ያለኝ ሲነጋ ነው። ሰባቱንም ጊዜ ያው መስመር፣ ነጥብ እንኳ ሳይለወጥ።

ለካስ ያቡት እኔ የማርመውን ፋይል አያነብም። የሚያነበው ዋይቢን የምትባለው ትእዛዝ ቡትስትራፕ ወደሚሉት ትንሽ ክፍልፋይ የገለበጠችውን ቅጂ ነው፤ ዋይቢንን ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ አንድም ጊዜ አልጠራኋትም። ሰባት ክታብ ጽፌ አንዱንም አንገቱ ላይ አላሰርኩለትም። አዲሱ ከርነል ዲስኩን በሌላ ድራይቨር ስለሚይዝ ኤስዲኤ ይለዋል። አንዲት ፊደል ቀየርኩ፣ ዋይቢን አልኩ፣ ተነሳ።

አሁንም ማሽኑ አልነሳ ያለው አንባቢ ካለ የመጨረሻዋን መስመር ከነፊደሏ ይጻፍልኝ። "አልነሳም አለኝ" ብቻ ብሎ ለሚመጣ ብራናዬ አልቋል።